ፒክአፑን ከፍ ከማስደረግ በፊት ሚዛን ላይ ማውጣት

አዲስ አበባ ውስጥ የፒክአፕ ባለቤት እጁ ላይ ትንሽ ገንዘብ ሲገባ ወጪው የሚሄድበት ቅደም ተከተል የታወቀ ነው። መጀመሪያ ቸርኬ ይቀየራል። ቀጥሎ ሰፊና ጥርሱ የጎላ ጎማ ይገባል። ከዚያ ጎማው አካሉን እንዳይነካ መኪናው ከፍ ይደረጋል። ሾክ አብዞርበርና ፍሬን የሚታሰቡት በመጨረሻ ነው፤ እነሱም ገንዘብ ከተረፈ። ይህ ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ ተቀጥሮ የሚነዳው ሹፌርና ከኋላ ጭነት ላይ ተቀምጠው የሚሄዱት ሰዎችም ናቸው።

መኪናን ማሻሻል በራሱ ነውር የለውም። አዲስ መግዛት ለአብዛኛው ሰው በማይታሰብበት አገር ያለውን አጠናክሮ መያዝ ብልህነት ነው። መንገዱም ምክንያት ይሰጣል። ክረምት ላይ ጭቃ የሚውጠው የገጠር መንገድ፣ ድንጋይ የፈሰሰበት ኮረኮንች፣ የአፋር ሙቀት፣ ሁሉም ከፋብሪካ ጎማ የተሻለ ነገር ይጠይቃሉ። ጥያቄው ይሻሻል ወይስ አይሻሻል የሚለው አይደለም። ከየት ይጀመር የሚለው ነው።

እስቲ ከጎማው እንጀምር። በብዙ ሃይሉክሶች ላይ ከፋብሪካ የሚመጣው ጎማ 265/65R17 ነው። ቁመቱ ሲሰላ 776 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። በብዛት የሚመረጠው ትልቁ ጎማ 285/70R17 ደግሞ 831 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ልዩነቱ 55 ሚሊሜትር፣ ማለትም 7 በመቶ ነው። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የፍጥነት ቆጣሪው ቀድሞ ትክክል ከነበረ ከዚህ በኋላ 100 ሲያሳይ መኪናው የሚሮጠው 107 ነው። 5 ሺህ ኪሎሜትር ላይ ዘይት የሚቀይር ሰው በእርግጥ የሚቀይረው ከ5,300 በላይ ሄዶ ነው። ጎማው በቁመት በጨመረ መጠን ሞተሩ ዳገት ላይ ይከብደዋል፤ ያው ፍሬን ደግሞ የበለጠ ትልቅና ከባድ ጎማ ማስቆም ይጠበቅበታል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ ሰው ይህን ስሌት በወረቀት ማየት አያስፈልገውም። ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወርድ የፍሬን ሸራው ሽታ ይነግረዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ትልቁ አለመግባባት ከፍታ ነው። ሰዎች መኪናውን ከፍ የሚያስደርጉት «ከስር እንዳይመታ» ብለው ነው። ሆኖም የሃይሉክስና የመሰሎቹ የኋላ አክስል አንድ ወጥ ብረት ነው። ባሌስትራ ሲጨመርበት ወይም በአክስሉና በባሌስትራው መካከል ወፍራም ብረት ሲገባ ከፍ የሚለው አካሉ ነው። ዲፍሬንሻሉ ግን እዚያው ከመሬት በነበረበት ርቀት ይቀራል። እሱን ከፍ የሚያደርገው ጎማ ብቻ ነው፤ ያም በቁመቱ ልዩነት ግማሽ። ከላይ ባለው ምሳሌ 27 ሚሊሜትር ያህል ማለት ነው። ብዙ ገንዘብ ወጥቶ የተነሳው መኪና ድንጋዩን የሚመታበት ቦታ ከበፊቱ ብዙም አልራቀም።

ባሌስትራ ማስጨመር ሌላም መዘዝ አለው። የኋላው ሲጠነክር ባዶ መኪና ኮረኮንች ላይ ይዘላል፤ ጎማው አስፋልቱን በለቀቀ ቁጥር መሪም ፍሬንም የሚይዘው ነገር የለውም። ከዚህ የባሰው ደግሞ ከስር ተደብቋል። በብዙ የቆዩ ሃይሉክሶች ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ግፊት መቆጣጠሪያ አለ። ሥራው መኪናው በጭነት ምን ያህል ዝቅ እንዳለ ለክቶ የኋላ ፍሬንን ኃይል ማስተካከል ነው። መኪናው በባሌስትራ ከፍ ተደርጎ ዘንጉ ካልተስተካከለ መቆጣጠሪያው መኪናው ባዶ እንደሆነ ይቆጥራል። ስለዚህ 10 ኩንታል ተጭኖም የኋላው ፍሬን የሚሠራው ለባዶ መኪና በተመደበው ልክ ይሆናል። ጭነት ለመሸከም የተደረገው ማሻሻያ ጭነቱን የሚያቆመውን ፍሬን አዳከመ ማለት ነው። ሥራውን የሠራው ሰው ይህን ካልተናገረ ባለቤቱ ከየት ያውቃል?

የከፍታ አደጋ ግምት አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. ቴክኒከንስ ቬርልድ የተባለው የስዊድን መጽሔት አዲስ ሃይሉክስን መንገድ ላይ ድንገት የገባ እንስሳን በማምለጥ ፈተና ሲሞክረው መኪናው በሁለት ጎማ ቆሞ ሊገለበጥ ደርሶ ነበር። ያ መኪና ማንም ጋራዥ አልነካውም። ፒክአፖች ለዓመታት የሽያጭ ገበታውን በመሩባት አውስትራሊያ የአገሪቱ የማሻሻያ መመሪያ ለእንዲህ ዓይነት መኪና የሚፈቅደው የጎማ ቁመት ጭማሪ ፋብሪካው ከወሰነው ትልቁ ጎማ በ50 ሚሊሜትር የሚበልጥ ነው። እዚያ ሰዎች መኪናቸውን ማሳመር ጠልተው አይደለም፤ ልኩን ስለለኩ ነው።

ታዲያ ትክክለኛው ቅደም ተከተል የትኛው ነው? መጀመሪያ ሚዛን። መኪናው በተለመደው ጭነቱ፣ ሰውም ውኃም ስኮርታውም ሳይቀር ሚዛን ላይ ይውጣ፤ የፊቱና የኋላው ለየብቻ ይመዘን። ሊብሬው ላይ የተጻፈው የጭነት ልክ በባሌስትራ አይጨምርም። ሚዛኑ ከልኩ በላይ ካሳየ የሚያስፈልገው ማሻሻያ ሳይሆን ጭነት መቀነስ ነው።

ሁለተኛ ጎማ፣ ግን በመልኩ ሳይሆን በጎኑ በተጻፈው። 112 የሚል ቁጥር አንዱ ጎማ እስከ 1,120 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች ደግሞ የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ከሆነ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ የሆነ ያረጀ ጎማ ከአዋሽ እስከ ሚሌ ባለው ሙቀት ላይ የሚታመን ጎማ አይደለም።

ሦስተኛ ሾክ አብዞርበርና ባሌስትራ፣ በሚዛን ለታወቀው ክብደት የሚመጥን። አራተኛ ፍሬን፣ የግፊት መቆጣጠሪያውን ዘንግ ጨምሮ። አምስተኛ የጎማ አሰላለፍና የፊት መብራት፤ ከፍ ያለ መኪና መብራቱ ካልተስተካከለ ሌሊት ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ያጠፋል። ቸርኬው የመጨረሻው ነው። ጎማውን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቸርኬ ኩሽኔታውን በየጊዜው የሚበላ ጌጥ ስለሆነ፣ የፋብሪካው ቸርኬ ደህና ከሆነ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ይህ ሁሉ የጋራዥ ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለባለቤቶች በተተወ ነበር። ግን መኪናው ተገልብጦ ሰው ሲሞት ፖሊስ ጣቢያ የሚያድረው ባሌስትራ ያዘዘው ባለቤት አይደለም፤ ሠራተኛው ሹፌር ነው። «ፍሬን እምቢ አለኝ» ቢል ሰበብ ይመስላል። መኪናው ከፍ ሲደረግ ማንም አላማከረውም፤ የሚጫነውን ኩንታልና የሚወርደውን ቁልቁለት ግን ከሁሉም አብልጦ የሚያውቀው እሱ ነው። ስለዚህ ድርጅትም ይሁን ግለሰብ ፒክአፕ ለማሻሻል ሲያቅድ የመጀመሪያው ተጠያቂ ሹፌሩ ሊሆን ይገባል፤ ከአደጋ በኋላ ሳይሆን ከሥራው በፊት።

ዓመታዊ ምርመራውም ሁለት ነገሮችን ቢያክል ብዙ ይለወጣል። የጎማው ልክ ፋብሪካው ካስቀመጠው ምን ያህል እንደራቀ ይለካ። ከፍ የተደረገ መኪና ደግሞ ጭነት ይዞ የኋላ ፍሬኑ ይፈተሽ፤ ባዶ መኪና ላይ የሚደረግ ፍተሻ ይህን ችግር አያሳይምና። ጋራዦችም የሠሩትን በጽሑፍ ይስጡ፤ ምን ያህል ከፍ እንዳደረጉ፣ ምን እንደቀየሩና ፍሬኑን ማስተካከላቸውን። ያ አንድ ገጽ ወረቀት መኪናው ሲሸጥ አዲሱን ባለቤት፣ አደጋ ሲደርስ ደግሞ ሹፌሩን ያድናል።