በአብደራፊ የልጆች ጅምናስቲክ ክበብ ይቋቋም

ልጅ ሲሮጥ፥ ሲዘልና ሲገለባበጥ ያየ ሰው፥ ይህን ማን አስተማረው ብሎ አይጠይቅም። ተፈጥሮው ነውና። ነገር ግን ተፈጥሮ የሰጠውን ኃይል መንገድ አስይዞ፥ አካሉን ሳይጎዳ የሚያሳድግለት ሰው ያስፈልገዋል። ቦይ ያልወጣለት ወንዝ አዝመራውን ማጠጣቱ ቀርቶ ማሳውን ጠርጎ እንደሚሄድ ሁሉ፥ የልጅም ጉልበት እንደዚሁ ነው። ዛሬ ስለዚህ ጉዳይ ልንጽፍ የተነሣነው ስለ አዲስ አበባ ልጆች ሳይሆን፥ በምዕራብ ጎንደር፥ በምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ፥ በሱዳን ጠረፍ አጠገብ ስለምትገኘው ስለ አብደራፊ ልጆች ነው።

አብደራፊ ሲባል ሰው ሁሉ ቶሎ የሚያስታውሰው ሰሊጡን፥ ጥጡንና ማሽላውን ነው። የአረም ወራትና የአጨዳ ወራት ሲደርስ ከደጋው አገር ብዙ ሠራተኛ ይወርዳል፤ የከተማውም ወሬ የሰሊጥ ዋጋ ብቻ ይሆናል። በእንዲህ ያለ አገር ልጅ የሚመዘነው ለሥራ በሚያበረክተው ጉልበት ነው። ጎንበስ ብሎ ማረም፥ ነዶ መሸከም፥ ከብት መከተል ይችላል ወይ? ተብሎ ይጠየቃል እንጂ፥ ወገቡ ቀጥ ብሎ አድጓል ወይ? ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የጠረፍ ልጅ ደግሞ ሌላም ሸክም አለበት። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሱዳን የተነሣው ጦርነት ብዙ ሕዝብ በመተማ በኩል አሰድዷል። የጦርነት ወሬ እየሰሙ የሚያድጉ ልጆች በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ ልጅ ሆነው የሚውሉበት ሥፍራ ሊነፈጋቸው አይገባም።

እንዲህ ስንል፥ «ውሃና መድኃኒት ሳይሟላ ጅምናስቲክ ምን ይሠራል?» የሚለን ሰው እንደማይጠፋ እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን ግን፥ ክበቡ ከውሃውና ከመድኃኒቱ በጀት አንዲት ሳንቲም የማይወስድ ሆኖ ሊቋቋም ይችላል የሚል ነው። ብዙዎች ጅምናስቲክ የሚሉት ነገር ያለ ትልቅ አዳራሽና ከውጭ አገር ያለመጣ መሣሪያ የሚሆን አይመስላቸውም። ሆኖም ፍሪድሪኽ ሉድቪግ ያን የተባለው ጀርመናዊ መምህር እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1811 የበርሊንን ወጣቶች ማሠልጠን የጀመረው በከተማው ዳር፥ ሃዘንሃይደ በሚባለው ሥፍራ፥ በሜዳ ላይ ነበር።

ከሩቅ አገር ይልቅ የራሳችን ምሳሌ ይሻላል። ሰርከስ ኢትዮጵያ በ1991 እ.ፈ.አ. በአዲስ አበባ በጥቂት ልጆች ተጀምሮ፥ ወደ ጅማ፥ ወደ መቀሌና ወደ ናዝሬት ተስፋፍቷል። በዚሁ በአማራ ክልል ሰርከስ ደብረ ብርሃን በ1998 እ.ፈ.አ. ተመሥርቶ፥ አካል ጉዳተኛ ልጆችን ጭምር በመድረክ ላይ አቁሟል። ከጅማ የተነሡት ወንድማማቾቹ ቢቢና ቢቹ ተስፋማርያምም በእንግሊዝ አገር በጥበባቸው ከታወቁ በኋላ፥ በአዲስ አበባ ሰርከስ ዊንጌትን ረድተው፥ በዚያ የሠለጠኑትን ልጆች ይዘው በ2017 እ.ፈ.አ. በኤዲንብራ ፌስቲቫል ላይ ታይተዋል። ይህ ሁሉ የተጀመረው በሀብት አይደለም፤ በጥቂት ሰዎች ትጋት ነው።

ታዲያ በአብደራፊ እንዴት ይጀመር? በመጀመሪያ ቦታና ሰዓት ይመረጥ። የቆላው አገር ከመጋቢት እስከ ሚያዝያ እጅግ ይግላልና ቀትር ላይ የሚደረግ ልምምድ ልጁን ይጎዳል። ማታ ይሁን ቢባል ደግሞ ሌላ ጠላት አለ። ካላዛር የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ቀን በዋልካው አፈር ስንጥቅ ውስጥ ተደብቃ ትውልና ሲመሽ ትወጣለች፤ የግራር ዛፍ ያለበትንም ሥፍራ ትወዳለች። ካላዛር ካልታከሙት የሚገድል በሽታ ነው። የድንበር የለሽ ሐኪሞች ማኅበር በአብደራፊ ለብዙ ዓመታት የካላዛርና የእባብ ንክሻ ሕመምተኞችን ማከሙ ነገሩ ቀላል አለመሆኑን ያስረዳል። ስለዚህ የክበቡ ሰዓት ፀሐይ ከወጣች በኋላ፥ ጧት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል፥ ቦታውም መሬቱ ያልተሰነጠቀ፥ ከግራሩ ራቅ ያለ የትምህርት ቤት ግቢ ይሁን።

ሁለተኛው መሣሪያ ነው። የወንዝ አሸዋ በጉድጓድ ተሞልቶ ለዝላይ መውደቂያ ይሆናል። ከጆንያ ተሰፍቶ በአገሩ ጥጥ በደንብ የተጠቀጠቀ ፍራሽ ለመገለባበጫ ያገለግላል፤ በየሳምንቱ ፀሐይ ላይ እየተሰጣ መመታት ግን አለበት። ያረጀ የትራክተር ጎማ በአብደራፊ ብርቅ አይደለም፤ ግማሹ ከመሬት ተቀብሮ መዝለያ ይሆናል። ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት አሠልጣኙ አሸዋውን በሬክ እያገላበጠ እባብና ጊንጥ አለመኖሩን ይመርምር።

ሦስተኛው ትምህርቱ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደተባለው፥ በመጀመሪያ የሚማሩት መውደቅን ነው። እንዴት እንደሚወድቅ ያላወቀ ልጅ መዝለል የለበትም። ከዚያ በፊት ለፊት መንከባለል፥ ቀጥሎ ሚዛን መጠበቅ፥ ቀጥሎ በግድግዳ ተደግፎ በእጅ መቆም ይመጣል። በአየር ላይ መገልበጥ ለተመልካች ደስ ይላል፤ ግን የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው ትምህርት አይደለም። የልጅን ጭን ወይም ጀርባ በግድ ተጭኖ መለጠጥም ሥልጠና ሳይሆን ማሠቃየት ነው። ሠላሳ ልጆች በሁለት ተከፍለው ቅዳሜና እሑድ አንዳንድ ሰዓት ቢሠለጥኑ፥ የአሠልጣኙ ድካም በሳምንት አራት ሰዓት ብቻ ነው። ይህን ደግሞ አንድ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ከአንድ ረዳት ጋር ሊፈጽመው ይችላል።

አራተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው የልጆቹ ጥበቃ ነው። በ1976 እ.ፈ.አ. ናዲያ ኮማነቺ የተባለችው የሩማንያ ልጅ በ14 ዓመቷ በሞንትሪያል ኦሊምፒክ ሙሉ 10 ነጥብ ስታገኝ ዓለም ሁሉ አጨበጨበ። ነገር ግን በ2018 እ.ፈ.አ. የአሜሪካ ጅምናስቲክ ቡድን ሐኪም የነበረው ላሪ ናሳር ከ40 እስከ 175 ዓመት እሥራት ሲፈረድበት፥ ከ150 የሚበልጡ ሴቶች በልጅነታቸው ጭምር የደረሰባቸውን በደል ለፍርድ ቤት አሰምተዋል። ሜዳልያ የሚያበራውን ያህል ዓይንን ማሳወሩን ከዚህ እንማራለን። ስለዚህ ማንም ትልቅ ሰው ከልጅ ጋር ብቻውን አይሁን፤ ሁልጊዜ ሁለት ሰው ይኑር፤ ከነዚህም አንዷ ሴት ትሁን። እናቶች በፈለጉ ጊዜ መጥተው ይዩ። ልብሱ ጨዋና የሚያመች ይሁን፤ ያን ጊዜ «ለሴት ልጅ ነውር ነው» የሚለው ምክንያት ይቀራል።

ገንዘብን በሚመለከት፥ ከሰሊጥ ነጋዴውና ከባለ እርሻው የሚጠየቀው ጥቂት ጆንያ፥ ጥቂት ጥጥና አንድ መኪና አሸዋ ነው። ከገንዘብ የሚከብድ ሌላ ነገር ግን እንለምነዋለን። ይኸውም በክበቡ መዝገብ ስሙ የተጻፈ ልጅ በአረምና በአጨዳ ጊዜ ከትምህርት ቤት ተነሥቶ ወደ እርሻ እንዳይወሰድ ነው። የሰሊጥ ፍሬ ቶሎ ካልታጨደ ይረግፋል፤ ባለ እርሻው መቸኮሉም ስለዚህ ነው። ልጅነትም እንደ ሰሊጥ ነው፤ ጊዜው ካለፈ ረግፎ ይቀራል፤ የረገፈውን ደግሞ የሚለቅም የለም። ክበቡ ጨዋታ ብቻ ሳይሆን ልጁን በየሳምንቱ የሚቆጥር ዓይን ይሆናል። የቀረ ልጅ ቢኖር አሠልጣኙ ቤቱ ድረስ ሄዶ «ልጃችን ምን ሆነ?» ብሎ ይጠይቃል። እኛ ከመገለባበጡ ይልቅ ይህችን ጥያቄ እንወዳታለን።

በበኩላችን የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ግቢ እንዲፈቅድ፥ የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ተማሪዎቹን በበጋ ወራት ለልምምድ እንዲልክ እናሳስባለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ከአብደራፊ አንድም ሻምፒዮን ባይወጣ ሥራው ከንቱ ሆነ አንልም። ቅዳሜ ጧት ሠላሳ ልጆች በአሸዋው ዳር ተሰልፈው ስማቸው ሲጠራ ሠላሳውም «አለሁ» ካሉ፥ ክበቡ የተቋቋመበትን ሥራ ፈጽሟል።