በወህኒ ቤት ስላሉ ሕሙማን


ይህ እትም በአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ተይዘው በወህኒ ቤት ስለሚኖሩ ሕሙማን ይናገራል። በአሜሪካ የምትገኘው የሮድ አይላንድ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2016 ለሱስ ሕክምና የሚውሉትን መድኃኒቶች፣ ሜታዶንን፣ ቡፕረኖርፊንንና ናልትሬክሶንን ለእስረኞቿ ማደል ከጀመረች ወዲህ፣ በቅርቡ ከእስር ከወጡት መካከል ከልክ ባለፈ ዕፅ የሞቱት በዚያ ዓመት የመጀመሪያ 6 ወራት 26 የነበሩት፣ በተከታዩ ዓመት በዚያው ወቅት 9 ሆነዋል። በእስር ዘመኑ ሥጋው ዕፁን የመቋቋም ልማዱን ያጣ ሰው፣ በተፈታ ማግሥት የቀድሞውን መጠን ቢወስድ እስትንፋሱ ሊቋረጥ ይችላልና፣ የነጻነቱ ዕለት የሞቱ ዋዜማ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ዳኛው የፈረደው እስራትን እንጂ ሞትን ስላልሆነ፣ እነዚህን መድኃኒቶች መከልከል ያልተፈረደ ቅጣት መጨመር ነው ብለን እናምናለን። በሕክምናና በወህኒ ጥበቃ የምታገለግሉ አንባብያን፣ ያያችሁትን ጽፋችሁ እንድትልኩልን በትሕትና እንለምናለን።

አዘጋጁ