ሰኔ 30 የሚዘጋው ሂሳብ፦ ሐኪም የሚያፈሩ ትምህርት ቤቶቻችን ገንዘብ ከየት ይመጣል? ወዴትስ ይሄዳል?



በዚህ የምርጫ ወቅት ገዥው ፓርቲ ስንት የሕክምና ትምህርት ቤት እንደተከፈተ በቁጥር ይነግራችኋል። እኛ ቁጥሩን አንክድም። በ1950ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ አንድ የሕክምና ፋኩልቲ ተከፈተ፤ ጎንደርና ጅማ ተከተሉት፤ ለረጅም ዘመን በሦስቱ ተወስነን ቆየን። ዛሬ ሐኪም አሠለጥናለሁ የሚል ዩኒቨርሲቲ በየአቅጣጫው አለ። ይህ በራሱ የሚጠላ ነገር አይደለም። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፦ የእነዚህ ትምህርት ቤቶች የአንድ ዓመት ሂሳብ ምን ይመስላል? ከማን ኪስ ይገባል? በምን ይወጣል? ማንስ ይቆጣጠረዋል? ሪባን ሲቆረጥ ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል። የሂሳብ መዝገቡ ሲገለጥ ያየ ግን ስንት ሰው ነው?

ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያበቃል። በዚያ ቀን ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ይመለሳል። ይህ አሠራር ለአጥር ግንባታ ወይም ለወንበር ግዢ ይመች ይሆናል። የሕክምና ትምህርት ቤት ግን በሽተኛ የተኛበት ሆስፒታል አለው፤ በሽታ ደግሞ ሰኔ 30 ላይ ሂሳብ አይዘጋም። አንድ የላቦራቶሪ መሣሪያ ለመግዛት ዝርዝር መግለጫ ይዘጋጃል፣ ጨረታ ይወጣል፣ ተወዳዳሪ ጠፍቶ ይሰረዛል፣ እንደገና ይወጣል፣ አሸናፊ ይለያል፣ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ይጠበቃል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰኔ ደርሷል። ታዲያ ገንዘቡ እንዳይመለስ ምን ይደረጋል? የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ መልሱን ያውቀዋል። በግንቦትና በሰኔ ከገበያ በቀላሉ የሚገኘው ይገዛል፦ ጠረጴዛ፣ መጋረጃ፣ ተሽከርካሪ ወንበር፣ የሆቴል አዳራሽ ሥልጠና። በሐምሌ ደግሞ ያው ሆስፒታል ለቀዶ ሕክምና ጓንት የለውም።

በዚህ ላይ ካፒታል በጀትና መደበኛ በጀት የሚባሉት ሁለት ቋቶች አይነጋገሩም። ሕንጻው የሚሠራው ከካፒታሉ ነው። ሕንጻው ውስጥ የሚሠራው ሰው፣ መብራቱ፣ ውሃው፣ ኦክስጅኑ፣ የማሽኑ ጥገናና መለዋወጫ ከመደበኛው ይጠበቃል። ፖለቲከኛ ሕንጻ ይወዳል፤ ፎቶ ይነሳበታል። የጥገና ውል ፎቶ አይነሳም። ስለዚህ ሕንጻው ይቆማል፣ ማሽኑ ይቆማል፤ የመጀመሪያው ቆመ ማለት ተሠራ፣ ሁለተኛው ቆመ ማለት ተበላሸ ማለት ነው።

ምሳሌ ካስፈለገ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልን እንመልከት። ሆስፒታሉ ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። የካንሰር ሕሙማን የጨረር ሕክምና የሚያገኙበት ብቸኛ ማዕከል ሆኖ ከ20 ዓመት በላይ አገሪቱን በሙሉ አገልግሏል። ከሞያሌም ይሁን ከሑመራ የመጣ ሕመምተኛ ተስፋው ያችው የኮባልት ማሽን ነበረች። እሷ በተበላሸች ቀን የኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና በሙሉ ይቆም ነበር። የማህጸን በር ካንሰር የያዛት እናት ለወራት ወረፋ ስትጠብቅ ሕመሟ አብሯት ወረፋ አይጠብቅም። ካንሰር የሚያክሙ ሐኪሞች የሚሠለጥኑትም እዚያው ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ በየሰኔው ስንት ጠረጴዛ ተገዛ ብሎ የቆጠረ አለ?

የምንዛሪው ጉዳይ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። የተወካዮች ምክር ቤት የ2017ን በጀት 971.2 ቢሊዮን ብር አድርጎ ያጸደቀው በሰኔ 2016 መጨረሻ ነው። አንድ ዶላር ያኔ 57 ብር ገደማ ነበር። በጀት ዓመቱ በጀመረ በ22ኛው ቀን፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ መንግሥት ብሩን ለገበያ ለቀቀው፤ በሳምንታት ውስጥ ዶላሩ ከ100 ብር አለፈ። በ1,000 ዶላር የሚገዛ መሣሪያ 57 ሺህ ብር ተይዞለት ከነበረ፣ ገና ጨረታው ሳይወጣ ከ100 ሺህ ብር በላይ ጠየቀ ማለት ነው። የሕክምና ትምህርት ቤት ከሪኤጀንት እስከ አልትራሳውንድ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ላይ የቆመ ነው። በዕቅዱ ውስጥ የነበረው ዕቃ በአንድ ጀንበር ግማሽ ሆነ። በኋላ 582 ቢሊዮን ብር ገደማ ተጨማሪ በጀት ጸድቋል ተባለ። ከዚህ ውስጥ ለየትኛው የሕክምና ኮሌጅ ስንት ደረሰ? ለድምፅ ፍለጋ ቤታችሁ የሚመጣውን የገዥው ፓርቲ እጩ ይህን ጠይቁት። መልሱ ላም አለኝ በሰማይ ከሆነ፣ ወተቷን አለማየታችሁን ንገሩት።

እውነተኛው ከፋይ ማን ነው?

መንግሥት «በነጻ አስተምራለሁ» ይላል። በ1995 የወጣውን የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351/1995 ተከትሎ የመጣው የወጪ መጋራት ሥርዓት ግን ተማሪው የትምህርቱን ወጪ 15 በመቶ፣ የምግብና የመኝታውን ደግሞ ሙሉ በሙሉ እንዲከፍል ደንግጓል። ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ቢያንስ ከወር ገቢው 10 በመቶ እየተቆረጠ ማለት ነው። የሕክምና ተማሪ ስድስትና ሰባት ዓመት ስለሚቆይ ዕዳው ከሁሉም ይረዝማል። ዕዳ መክፈል ነውር አይደለም። ነውሩ ተበዳሪው ምን እንደተበደረ አለማወቁ ነው። ለዓመታት ለአንድ ተማሪ ምግብ በቀን የተመደበው 15 ብር ነበር። በዚያ ገንዘብ የበላውን እንጀራ ዋጋ የሚመልስ ሐኪም፣ ላቦራቶሪ ሳይገባ፣ በአንድ አስከሬን ዙሪያ እየተጋፋ ለተማረው አናቶሚ ስንት እንደተመነበት የመጠየቅ መብት አለው።

ሁለተኛው ከፋይ ኢንተርኑ ነው። ስለዚህ ሰው ትንሽ ቆም ብለን እንናገር፤ በሂሳብ መዝገቡ ላይ በትክክል የማይታየው እሱ ነውና። የማስተማሪያ ሆስፒታል ሌሊቱን የሚያድረው በኢንተርንና በሬዚደንት ትከሻ ነው። ዲዩቲ ገብቶ 24 ሰዓት፣ አንዳንዴ 36 ሰዓት ሳይተኛ ይሠራል። ደም ይቀዳል፣ ናሙና ተሸክሞ ላቦራቶሪ ይሮጣል፣ ተሸካሚ ሲጠፋ አልጋ ይገፋል፣ ያዋልዳል፣ ይሰፋል። የሚከፈለው ግን የኪስ ገንዘብ ነው። የእሱን ሥራ የሚሠራ ቅጥር ሐኪም፣ ቅጥር ነርስና ቅጥር ተላላኪ ቢመደብ ኖሮ ደመወዛቸው ስንት ይሆን ነበር? ያ ልዩነት ሆስፒታሉ ከኢንተርኑ ያገኘው ድጎማ ነው። መንግሥት ለተማሪው ያወጣውን በብር ሲቆጥር ተማሪው ለመንግሥት ያወጣውን አይቆጥርም። በግንቦት 2011 ሐኪሞችና ተማሪዎች አደባባይ የወጡት ይህ ስለመረራቸው ነበር።

ሦስተኛው ከፋይ ሕመምተኛው ነው። ካርድ ያወጣል፣ ይመረመራል፣ ከዚያ ወረቀት ይሰጠውና «ይህን ከውጭ ግዛ» ይባላል። አስታማሚው ሌሊት ከፋርማሲ ፋርማሲ ሲዞር ያያችሁ ታውቁታላችሁ። በ1990 የወጣው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ሆስፒታሎች የውስጥ ገቢያቸውን ለራሳቸው እንዲጠቀሙበት መንገድ ከፈተ፤ በጎ ሐሳብ ነበር። ችግሩ ግምጃ ቤቱ የውስጥ ገቢውን እንደ ተጨማሪ ሳይሆን እንደ ምትክ ማየት ሲጀምር ነው። የጤና መድኅን ክፍያም ሲዘገይ ሆስፒታሉ ለመድኃኒት አቅራቢው ባለዕዳ ይሆናል። አቅራቢው ዱቤ ያቆማል፤ ወረቀቱም ተመልሶ አስታማሚው እጅ ይገባል።

አራተኛው ለጋሽ ነው። ጎንደር በ1947 የጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር አሜሪካ፣ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ረድተውታል። በ1970 ገደማ የሐኪም ትምህርት ሲጨመርለት የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ከምሥራቅ ጀርመን መምህራን ልኮለታል። ምሥራቅ ጀርመን ከዓለም ካርታ ስትጠፋ ዕርዳታውም አብሮ ጠፋ። ከዚህ የተማረ መንግሥት ግን አላየንም፤ በ2017 የአሜሪካ ዕርዳታ በድንገት ሲቆም የጤና ሚኒስቴር 5,000 ያህል የኮንትራት ሠራተኞችን ማሰናበቱ ተሰምቷል። ለጋሹን አንወቅስም፤ ገንዘቡ የእርሱ ነው።

የቁጥር ፖለቲካ

በየካቲት 2004 መንግሥት 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶችን በአንድ ጊዜ ከፈተ። በየዓመቱ የሚገባው ተማሪ ቀደም ሲል ከነበረው ጥቂት መቶ ወደ 3,000 በላይ ዘለለ። ሐኪም ያስፈልገን ነበር? አዎን፣ እጅግ! ነገር ግን ተማሪው አሥር እጥፍ ሲሆን መምህሩ፣ አልጋውና ላቦራቶሪው አሥር እጥፍ አልሆኑም። አንድ አልጋ ላይ የተኛ አንድ ምስኪን ሕመምተኛ በደርዘን ተማሪ ተከብቦ ሆዱ ሲደባበስ ይውላል። ይህ ትምህርት ነው?

የተመረቀው ሐኪም ደግሞ ግዴታ አለብህ ተብሎ ዲግሪው ለዓመታት ይያዝበት ነበር። ይህን ያህል የተፈለገ ሐኪም በኋላ «የምንቀጥርበት በጀት የለንም» ተባለ። የምሩቃን ሐኪሞች ሥራ ማጣት በ2010ዎቹ የአደባባይ ወሬ ሆነ። ሐኪም የሌለው ጤና ጣቢያና ሥራ የሌለው ሐኪም በአንድ አገር! ከኢትዮጵያ ይልቅ በአሜሪካ ብዙ ኢትዮጵያዊ ሐኪም አለ የሚለውን የሻይ ቤት ስሌት እኛ አንደግምም፤ ቆጥሮ ያረጋገጠ የለምና። እየሄዱ መሆኑን ለማወቅ ግን የየኮሌጁን መምህራን ክፍል ባዶ ወንበር ማየት ይበቃል።

በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች 12 ጥያቄ አቅርበው ሥራ ሲያቆሙ የሐኪም ወርሃዊ ደመወዝ ወደ 80 ዶላር ገደማ መውረዱን ዓለም ሰማ። የተሰጣቸው መልስ እስር ነበር። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ መጨመሩን አንክድም፤ ጥያቄው ትክክል ከነበረ ግን ጠያቂው ለምን ታሰረ? ከዚያም በፊት፣ በ2013 በተጀመረው ጦርነት፣ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ የሆነው የዓይደር ሆስፒታል ሠራተኞች ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ደመወዝ ሕመምተኛ ማከማቸውን እናስታውሳለን። የሆስፒታል በጀት የጦር መሣሪያ ሲሆን ያየነው በዚያ ነው።

«አገሪቱ ድሃ ናት» ይሉናል። የ2018 በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። የአፍሪካ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2001 አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ሲገቡ ኢትዮጵያም ነበረችበት፤ ቃሉ አልተፈጸመም። ለኮሪደር ልማት በሌሊት ፈረቃ የሚሠራ አገር ለኦክስጅን ማምረቻ ቀን እንኳ አጣ ማለት ድህነት አይደለም፤ ምርጫ ነው። ያለውስ ገንዘብ እንዴት ተያዘ? የፌዴራል ዋና ኦዲተር ለምክር ቤቱ ባቀረባቸው ሪፖርቶች የዩኒቨርሲቲዎች ስም ደጋግሞ ተነስቷል፦ ከግዥ ሕግ ውጭ የተፈጸመ ግዢ፣ ያልተወራረደ ሂሳብ፣ ማስረጃ ያልተገኘለት ክፍያ። ሪፖርቱ ይነበባል፣ አባላቱ ያዝናሉ፣ ስብሰባው ይበተናል። የሚቀጥለው ዓመት ያው ነው። የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ የሚለው ተረት መመሪያ የሆነ ይመስላል።

እኛ ብንመረጥ

በመጀመሪያ ሂሳቡን እንገልጣለን። እያንዳንዱ የመንግሥት ሕክምና ትምህርት ቤት የዓመቱን ገቢና ወጪ፣ ለአንድ ተማሪ ያወጣውን፣ ለመድኃኒት አቅራቢው ያለበትን ዕዳና ከጤና መድኅን ያልተከፈለውን በአማርኛና በየክልሉ ቋንቋ አትሞ በሆስፒታሉ በር ላይ እንዲለጥፍ በሕግ እናስገድዳለን። ለሕክምና መሣሪያ የተያዘ ገንዘብ ሰኔ 30 ላይ የማይመለስ፣ እስከ ሦስት ዓመት የሚሸጋገር ይሆናል፤ ማሽን ከጥገና ውሉና ከመለዋወጫው ጋር ካልሆነ በቀር አይገዛም።

የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች በጀት በትምህርት በኩል፣ አገልግሎታቸው በጤና በኩል እየተጎተተ ሁለቱ ሚኒስቴሮች አንዱ በሌላው የሚያላክኩበት አሠራር ይቀራል። ሕመምተኛ የማከም ወጪና ተማሪ የማስተማር ወጪ በየራሱ መዝገብ ይያዛል፣ ለእያንዳንዱም ተጠያቂ ይኖረዋል። የኢንተርን ክፍያ ደመወዝ ተብሎ በደመወዝ መዝገብ ይገባል፤ የዲዩቲ ክፍያም ከወሩ አያልፍም። ዲግሪ መያዣ መሆኑ በሕግ ይከለከላል።

አንድ የማያስጨበጭብ ነገርም እንናገራለን። የሚገባው ተማሪ ቁጥር በአልጋና በመምህር ልክ ይወሰናል፤ አቅም በሌላቸው ትምህርት ቤቶች ለተወሰኑ ዓመታት ቅበላው ይቀንሳል፣ ምናልባትም ይቆማል። በዚህ የሚቆጣ ወላጅ እንደሚኖር እናውቃለን። ልጁን ለማን አሳልፎ እንደሚሰጥ ግን አስቀድሞ ማወቅ መብቱ ስለሆነ፣ የየትምህርት ቤቱ የአልጋ፣ የመምህርና የተማሪ ቁጥር ከቅበላው በፊት በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ይፋ ይደረጋል።