ገበያን አለመንካት

የቀረጥና የንግድ ሕግ ነገር በተነሣ ቁጥር የጥንቱን የቻይና ፈላስፋ ላኦ ዙን ለምስክርነት የሚጠራ ጸሓፊ አይታጣም። በስሙ የሚጠራው ዳኦ ዴ ጂንግ ክልከላ የበዛበት ሕዝብ እንደሚደኸይ ስለሚያስተምር፥ መጽሐፉ የነጋዴ ጠበቃ መስሎ ይታያል። ዳሩ ግን እስከ መጨረሻው ያነበበው ሰው ሌላ ነገር ያገኛል። በዚያ የሚመሰገነው አገር ሕዝቡ ጥቂት፥ መርከቡና ሠረገላው ያለ ሥራ የቆመ፥ ሰዉም ከጎረቤቱ አገር ሳይደርስ የሚያረጅበት ነው። እንዲህ ባለው አገር ነጋዴ ምን ይሸጣል? ታሪክ ጸሓፊው ሲማ ቺየን ይህን ተረድቶ ስለ ባለጸጎች በጻፈው ምዕራፍ መግቢያ ላይ አሳቡን ጠቅሶ ተቃውሞታል።

ስለዚህ ለነጋዴ የሚሆነው ትምህርት በመጽሐፉ ውስጥ ከሚገኘው ይልቅ ትምህርቱን ይዘው አገር ካስተዳደሩት ሰዎች ዘንድ ያለው ይበልጣል። ጻኦ ሸን የጦር ሰው ነበረ። የቺ ግዛት ሹም ሆኖ ሳለ የዚህን ፍልስፍና ሊቅ አስጠርቶ፥ ሹም ዝም ሲል ሕዝብ በራሱ ይረጋጋል የሚለውን ምክር ተቀበለ። በ193 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ለሐን መንግሥት ዋና ሚኒስትርነት ሲጠራ፥ ለተተኪው አደራ ያለው እስር ቤቱንና ገበያውን እንዳያውክ ነበር። ተተኪው ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይ የለምን ብሎ ቢጠይቀው፥ ሁለቱም ቦታዎች ደጉንም ክፉውንም የሚይዙ ስለ ሆኑ ቢጨናነቁ ክፉው መጠጊያ ያጣል ሲል አስረዳው። ይህ መልስ ስለ ነጻ ንግድ ከተጻፉት ብዙ ድርሳናት ይልቅ ገበያን ያወቀ ሰው መልስ ነው። (ጻኦ ሸን በዋና ከተማው ከእርሱ በፊት የነበረውን ሕግ አንዱንም ሳይለውጥ ወይን እየጠጣ መቀመጡ ንጉሡን እንኳ አሳስቦት ነበር።)

ይሁን እንጂ አለመንካት ወሰን አለው። ንጉሠ ነገሥት ወን የእርሻ ግብርን በ167 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ጨርሶ ማንሣቱ የሚመሰገን ሲሆን፥ ቀደም ብሎ በ175 ሳንቲም መቅረጽን ለግል ሰዎች መፍቀዱ ግን ትልቅ ስሕተት ነበረ። የዉ ግዛት መስፍን ሊዩ ቢ ከመዳብ ተራራው ገንዘብ እያስቀረጸ፥ ከባሕሩም ጨው እያወጣ ከበረ፤ በ154 ከሌሎች ስድስት መሳፍንት ጋር ዐመፀ። ገበያ ሳይነካ የሚያድገው መስፈሪያውና ገንዘቡ በታመነ እጅ ሲጠበቅ ነው፤ መንግሥት እጁን ያንሣ የሚል ነጋዴም የትኛውን እጅ እንደሚል ለይቶ መናገር ይገባዋል።

በኋላ የመጣው ንጉሠ ነገሥት ዉ በተቃራኒው ጨውንና ብረትን ለመንግሥት ብቻ አደረገ። በ81 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በቤተ መንግሥት በተደረገው ታላቅ ክርክር ላይ ሊቃውንቱ ካቀረቡት አቤቱታ አንዱ፥ መንግሥት የሚያሠራው የእርሻ መሣሪያ ለገበሬው ሥራ የማይመች መሆኑ ነበር። ከክርክሩ በኋላ የመጠጥ ሞኖፖል ተነሣ፤ የጨውና የብረቱ ግን በአብዛኛው ባለበት ጸና።