ረሃብን «ዲሲፕሊን» ብላችሁ አትሽጡልን

ባለፈው ሳምንት ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ መጣ። ደረቱ የፈረጠመ ልጅ ጂም ውስጥ ቆሞ ጣቱን ወደ ካሜራው ቀስሯል። «ማታ ማታ ፍሪጅ የምትከፍት ከሆነ ችግርህ ሆርሞን ምናምን አይደለም፤ ሆዳም ስለሆንክ ነው። ሆዱን ያልገዛ ሌላ ምንም አይገዛም» ይላል። ከሥሩ የቴሌግራም ሊንክ አለ፦ በ21 ቀን 8 ኪሎ፣ ክፍያ በቅድሚያ።

ከሁለት ዓመት በፊት ቢሆን ከፍዬ እገባ ነበር። እንዲያውም እንደሱ ላሉት ሦስት ጊዜ ከፍያለሁ። አሁን ግን የምለው አለኝ። ይሄ ልጅ መድኃኒት ብሎ የሚሸጠው ነገር እኔን ያሳመመኝ ነገር ነው።

በቅድሚያ እንግባባ። ውፍረት ችግር የለውም ልላችሁ አይደለም። 94 ኪሎ ነበርኩ፤ ሐኪሙ ግፊቴን ለክቶ «ክብደት ቀንስ» ሲለኝ ልክ ነበር። አባቴ ስኳር አለበት፤ ወዴት እየሄድኩ እንደሆነ ይታየኝ ነበር። ጠቤ ከመንገዱ ጋር ነው።

የምኖረው ቂሊንጦ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ብቻዬን ነው። ቂሊንጦ ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣለት ማረሚያ ቤቱ ነው፤ ቀጥሎ የቢራ ፋብሪካው። እዚህ ለምንኖረው ግን ቂሊንጦ ማለት ርቀት ነው። ቢሮዬ ጎተራ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ወጥቼ የታክሲ ሰልፍ እይዛለሁ፣ ቃሊቲ ላይ እቀይራለሁ፣ ሳሪስ ላይ መንገዱ ይዘጋጋል። ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ስመለስ ብሎኩ ግማሹ ተኝቷል። ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ መብላት የሚባል ነገር በዚህ ሕይወት ውስጥ ቦታ የለውም።

ክብደት ልቀንስ ስነሳ ያደረግኩት ሁላችሁም የምታውቁትን ነው። ቁርስ ሰረዝኩ። «ኢንተርሚተንት ፋስቲንግ» የሚል ስም ስላለው የሰረዝኩት ቁርስ ሳይሆን ሳይንስ የያዝኩ መሰለኝ። ምሳ ላይ ባልደረቦቼ በየዓይነቱ ከበው ሲበሉ እኔ ሰላጣዬን ይዤ ኮምፒውተሬ ፊት እቀመጣለሁ፤ አጠገባቸው ከሆንኩ ጉርሻ ይመጣላ! እንጀራ ጠላት ሆነ፣ ዳቦ ጠላት ሆነ።

ኢንጂነር ስለሆንኩ ደግሞ ችግር ሲሰጠኝ ሲስተም ካልሠራሁለት እንቅልፍ አይወስደኝም። የፈረንጆቹ ካሎሪ መቁጠሪያ አፖች ሽሮ ላይ ግራ ስለሚጋቡ የራሴን የቴሌግራም ቦት ጻፍኩ። ሽሮ በጭልፋ፣ እንጀራ በግማሽ፣ ዘይት በማንኪያ። ቀኑን ከ1,200 ካሎሪ በታች ከጨረስኩ ቦቱ «አንበሳ!» ይለኛል። ካለፍኩ በቀይ ይጽፍብኛል፣ የተከታታይ ቀናት ቆጠራዬም ወደ ዜሮ ይመለሳል። የሚቆጣኝን አለቃ በራሴ እጅ ኮድ አድርጌ ጻፍኩ ማለት ነው።

ዘጠኝ ቀን አንበሳ ሆንኩ። በአሥረኛው ቀን ማታ 4 ሰዓት ገደማ ውሃ ልጠጣ ፍሪጅ ከፈትኩ። ያደረ ሽሮ በድስቱ ነበር። ሳላሞቀው፣ እንጀራውን ከላስቲኩ እየጎተትኩ፣ ቆሜ በላሁ። ከዚያ ዳቦ በማርማላታ፤ ዳቦው ሲያልቅ ማርማላታውን በማንኪያ። ከዚያ ጃኬት ደርቤ ወርጄ ከብሎኩ ሥር ካለው ሱቅ ብስኩትና ሃላዋ ገዛሁ። ባለሱቁ ምንም ሳይጠይቀኝ «እንግዳ መጥቶብኝ ነው» አልኩት። ወደ መጨረሻው ጣዕሙ እንኳ አይሰማኝም ነበር፤ እጄ ከእኔ ተለይቶ በራሱ የሚሠራ ነበር የሚመስለው። ከዚያ ወለሉ ላይ ተንጋልዬ፣ መተንፈስ እያቃተኝ፣ ለነገ ወሰንኩ፦ ነገ ምንም አልበላም።

ልብ በሉ፤ ያ ውሳኔ ነው የሚቀጥለውን ሌሊት የጠራው። ያኔ ግን አልገባኝም።

ለዚህ ነገር በአማርኛ ስም ፈልጌ አጣሁ። ሆዳምነት እንዳልለው ሆዳም ቢያንስ እየተደሰተ ነው የሚበላው። እኔ «ናዳ» እለዋለሁ። ሐኪሞቹ ባይንጅ ኢቲንግ ዲስኦርደር ይሉታል፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ በመመሪያው ያሰፈረው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። ምልክቶቹን ሳነብ ቤቴ ካሜራ የተከሉ መሰለኝ፦ በአጭር ጊዜ በጣም ብዙ መብላት፣ ማቆም አለመቻል፣ መጣደፍ፣ እስኪያም መጥገብ፣ በእፍረት ተደብቆ መብላት፣ በኋላ ራስን መጸየፍ። በሳምንት ቢያንስ አንዴ፣ ለሦስት ወር። እኔ ስምንት ወሬ ነበር። ባለሱቆቹ እንዳይቆጥሩብኝ ሱቅ አፈራርቅ ነበር። ባዶ ማሸጊያውን በጥቁር ፌስታል ቋጥሬ ሳይነጋ ነበር የምጥለው።

የያዘችኝ እናቴ ናት። ከወሎ ለአንድ ሳምንት ልትጠይቀኝ መጥታ፣ ሌሊት ለሽንት ስትነሳ ፍሪጁ ፊት አገኘችኝ። እንደምትጮህብኝ ጠብቄ ነበር። አልጮኸችም። ትንሽ ቆማ አየችኝና፣

«ልጄ፣ ቀን ምን በላህ?» አለችኝ።

«ሰላጣ።»

«እሱን ሳይሆን ምን በላህ?»

መልስ አልነበረኝም። እናቴ በ77ቱ ድርቅ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ያን ሌሊት አጠገቤ ተቀምጣ፣ ከዚያ በፊት ነግራኝ የማታውቀውን ነገረችኝ። እህል ከተገኘ በኋላም ሰው እየበላ አይጠግብም ነበር። ሆዱ ተነፍቶ እያመመው፣ ዓይኑ ከሌላው ሳህን ላይ አይነሳም ነበር። ትልልቅ ሰዎች፣ የተከበሩ ሰዎች፣ ቂጣ ይደብቁ ነበር። «ማንም ሆዳም አላላቸውም» አለች። «ርቧቸው እንደነበር እናውቃለና።»

እናቴ ያወራችውን ነገር ሳይንሱ ቀድሞ በወረቀት አስፍሮት ኖሯል። በ1944 እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሳያልቅ፣ አንሴል ኪስ የሚባል ተመራማሪ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 36 ጤነኛ ወጣቶችን ሰበሰበ። ዓላማው በጦርነቱ የተራበውን የአውሮፓ ሕዝብ እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚቻል ማወቅ ነበር። ወጣቶቹ ለ24 ሳምንት በቀን 1,600 ካሎሪ ገደማ እየበሉ ቆዩ፤ ድንች፣ ዳቦ፣ መኮሮኒ የመሳሰለ። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉ ሄደ። ክብደቱ ግን ትንሹ ነገር ነው። ስለ ምግብ ብቻ ማሰብ ጀመሩ። ምግብ ቤት የመክፈት ሐሳብ ያልነበራቸው ሰዎች የምግብ አሠራር መጽሐፍ መሰብሰብ ጀመሩ። ሳህን ላሱ። እንዳሻችሁ ብሉ ሲባሉ ደግሞ ከመካከላቸው ሆዳቸው እስኪያማቸው በልተው «አሁንም ርቦኛል» ያሉ ነበሩ።

እነዚህ ሰዎች እነማን ነበሩ መሰላችሁ? ሰው አንገድልም ብለው ጦር ሜዳ አንሄድም ያሉ፣ ለእምነታቸው ከመንግሥትና ከጎረቤት ጋር የተጋፈጡ ናቸው። ከዚያም ሌላው እንዲጠግብ ለመራብ በፈቃዳቸው ተመዘገቡ። ዲሲፕሊን ከእነሱ በላይ ላሳር! እነሱን ሳህን ያስላሰው ረሃብ 1,600 ካሎሪ ነበር። አንተ፣ ባለ ጡንቻው ወንድሜ፣ ለቢሮ ሠራተኛ የምትልከው ፒዲኤፍ ላይ የተጻፈው 1,000 ነው። ከዚያ ሌሊት ሲናድ «ፍላጎት ስለሌለህ ነው» ትለዋለህ፤ ሁለተኛ ዙርም ታስከፍለዋለህ። ደንበኛው እንዲወድቅ ተደርጎ የተሠራ ምርት፣ ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ የደንበኛው። እኔ እንደዚያ ዓይነት ሶፍትዌር ብጽፍ በማግሥቱ ከሥራ እባረራለሁ።

እናቴ ከሄደች በኋላ የቦቱን መዝገብ ከፍቼ አየሁት። ስምንት ወር ሙሉ ሰብስቤው አንድ ቀን እንኳ በትክክል ጠይቄው አላውቅም ነበር። የናዳውን ሌሊቶች ለይቼ ከነሱ በፊት የነበሩትን ሁለት ሁለት ቀናት አወጣሁ። አብዛኞቹ ላይ ቦቱ ምን ብሎኝ እንደነበር ገምቱ። «አንበሳ!»

አንድ የማውቀው ክርክር እዚህ ጋ ይነሳል። «ሰው የሚበላው ባጣበት አገር ይሄ የጥጋብ በሽታ ነው» የሚል። ብዙ አፌን ያስያዘኝ ይሄ ነው፤ በተለይ የእናቴ ልጅ ሆኜ። ግን እኮ አገራችን አንድ ዓይነት ሆድ ብቻ ያላት አገር አይደለችም። በ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነ ሴቶች 22 በመቶው ከሚገባቸው በታች የከሱ ነበሩ፣ 8 በመቶው ደግሞ ከሚገባቸው በላይ የወፈሩ። ሁለቱም እዚሁ፣ አንዳንዴም አንድ ግቢ ውስጥ። የእኔ ዝም ማለት አንድም የተራበ ሰው አላበላም። ባለሱቁን ነው የጠቀመው።

ደግሞ «ተፈጥሯዊ» ሻይና እንክብል የምትሸጡም አላችሁ። ሲቡትራሚን የሚባል የምግብ ፍላጎት መቀነሻ ነበር፤ ልብን ስለሚጎዳና ለስትሮክ ስለሚያጋልጥ በ2010 እ.ኤ.አ. ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህም የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን «ከዕፅዋት የተቀመመ» ተብለው በሚሸጡ ማክሲያዎች ውስጥ ተደብቆ ደጋግሞ አግኝቶታል። ከቤቴ በቅርብ ርቀት የመድኃኒት ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ እኔ ደግሞ ማን እንደሠራው የማይታወቅ እንክብል በሞተር አስመጥቼ ውጬ አውቃለሁ። የተማርኩ ሰው እኮ ነኝ!

ስለ ጾምም ልናገር፤ ምክንያቱም ተደብቄበታለሁ። በዐቢይ ጾም ማንም «ለምን አትበላም?» አይልህም። ለ55 ቀን ፍጹም መሸሸጊያ አገኘሁ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾመውን እኔ እስከ ማታ ገፋሁት፤ ሰው አመሰገነኝ፣ ሌሊት ግን ተናድኩ። በመጨረሻ ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው፣ ጾሜን ስለ መፍታቴ እንደሚቆጡኝ ነበር የጠበቅኩት። «ልጄ፣ ለማን ነበር የምትጾመው?» አሉኝ። «ለሚዛኑ» አልኳቸው። ሳቁ፤ ከዚያ ኮስተር ብለው ታማሚ እንደሆንኩ፣ ታማሚ ደግሞ በፈቃድ እንደሚበላ ነገሩኝ። መጀመሪያ ታከም አሉኝ። አንዳንድ ኮች ነኝ ባይ የማያውቀውን እሳቸው ያውቁታል።

ታከምኩ። አማኑኤል ሆስፒታል የሚለው ስም ብቻውን ሰው ያስደነግጣል፤ እኔም ፈርቼ ሌላ ቦታ ሳይኮሎጂስት ጋ ሄድኩ። በዚህ ፍርሃቴ አልኮራም። ሕክምናው በጣም ያልተጠበቀ ነበር፤ ብላ አለችኝ። ክሪስቶፈር ፌርበርን የሚባል እንግሊዛዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ለዓመታት ያስተማረው ዘዴ ነው፦ ሦስት ምግብ፣ ሁለት መክሰስ፣ በመካከላቸው ከአራት ሰዓት ብዙም ሳይበልጥ፤ ትናንት ሌሊት የፈለገው ቢሆን፣ ዛሬ ቁርስ አይቀርም። የመጨረሻዋ ነጥብ ናት የገደለችኝ። ናዳ ባደረበት ማግሥት ቁርስ መብላት ሌብነት ነው የሚመስለው። በመጀመሪያው ወር ሁለት ኪሎ ጨመርኩ፤ ልተወው ነበር። ቦቱን አጠፋሁት። ቦርሳዬ ውስጥ ቆሎ ገባ። ምሳ ላይ ወደ ትሪው ተመለስኩ፤ ጉርሻውም መጣ፣ ምንም አልሆንኩም። እሁድ እሁድ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤቴ እትዬ ይጠሩኛል፤ እቤታቸው ተቀምጬ በሳህን እበላለሁ። ቀላል ነገር ይመስላል አይደል? እኔ ቤቴ ውስጥ ተቀምጬ ከበላሁ ዓመት አልፎኝ ነበር።

ለሁሉም ሰው መነሻው ዳይት ነው አልልም። በሐዘን የሚጀምራቸው አሉ፣ በልጅነት ከደረሰባቸው ነገር የሚነሱም አሉ፤ ለነሱ ቆሎ ብቻውን ምንም አያደርግም። እኔም ብቸኝነቱ ሲበረታ ይነካካኛል። ባለፉት አምስት ወራት ሁለት ጊዜ ተናድኩ።

ክብደቴስ? በ14 ወር ከ94 ወደ 89። አምስት ኪሎ! እስቲ ይሄን ማስታወቂያችሁ ላይ ለጥፉት። ግፊቴ ወርዷል። ጥቁር ፌስታል ይዤ ከወረድኩ ቆይቻለሁ።

ዛሬ ጠዋት ሰልፍ ላይ ቆሜ እናቴ ደወለች። ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ አንድ ነው፤ ስምንቱን ወር ሙሉ ስዋሻት የነበረውም እሱን ነው።

«ቁርስ በላህ?»

«በላሁ እማዬ። ፍርፍር።»

«በምን?»

«በራሴ እጅ የተሠራ ነው፣ ጨው በዝቶበታል።»

«በርበሬ ልኬልህ የለ እንዴ» አለች፤ ታክሲው መጣ።