‹‹8000 ዋት›› ወይስ 8000 ውሸት?

አበው ‹‹ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው›› ይላሉ። አባባሉ የተነገረው ስለ ሐሜት ነው። እኔ ግን ሰሞኑን ለሌላ ጉዳይ ሆኖ አገኘሁት። በገዛ ጆሯችን የሰማነውን ትተን ካርቶን ላይ የታተመውን የምናምን ጉዶች ሆነናል! ካርቶኑ ‹‹8000 ዋት›› ካለ በቃ 8000 ዋት ነው። ካርቶን ይዋሻል እንዴ?

ይዋሻል እንጂ! ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው የሚዋሸው። ለዚህ ምስክሩ እኔው ራሴ ነኝ፤ የምመሰክረውም ተበልቼ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ከሁለት ቦታ የዘገየ የጽሑፍ ክፍያ ተጠራቅሞ እጄ ገባና፣ ደሴ ካለ አንድ ሱቅ (ስሙ ይቆየኝ) በ18 ሺህ ብር አንድ ባለ ዉፈር የድምፅ ዕቃ ገዛሁ። አንድ ትልቅ ሳጥን፣ ሁለት እፍኝ የማይሞሉ ስፒከሮች፣ ሪሞት፣ የፍላሽ መሰኪያ፣ ፊቱ ላይ ደግሞ ቀይና ሰማያዊ እየሆነ የሚብለጨለጭ መብራት። ሻጩ ‹‹ወንድሜ፣ ይኼ ቤት ያፈርሳል!›› አለኝ። ቤት ማፍረስ ከመቼ ጀምሮ የዕቃ ሙገሳ እንደሆነ ሳልጠይቀው ሒሳቤን ከፈልኩ። መንገዱ ክፍት በነበረበት ቀን፣ በአቀስታ አድርጎ ወደ መካነ ሰላም በሚሄደው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ፣ ‹‹ቀስ በሉ፣ እንዳትጥሉብኝ›› እያልኩ ቦረና ገባሁ። ሰፈሩም ጉድ አለ። እኔም ተኮፈስኩ። የኮሌጅ ዲፕሎማዬን ስቀበል እንኳ እንዲያ አልተኮፈስኩም።

ከሳምንት በኋላ ሳጥኑን ልጠርግ ሳዞረው ጀርባው ላይ የተለጠፈች የጥፍር ያህል ጽሑፍ ዓይኔ ውስጥ ገባች። 220 ቮልት፣ 60 ዋት ትላለች። ከፊት 8000፣ ከኋላ 60!

አንባቢ ሆይ፣ እስቲ አብረን እናስላ። ለዚህ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ቤቷ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላት እናት ሁሉ ከመሐንዲስ ትበልጣለች። ምጣዱ ሲሰካ አምፖሉ እንዴት እንደሚደበዝዝ ታውቃለችና። ያ ምጣድ የሚበላው ከ3500 እስከ 4000 ዋት ቢሆን ነው። ስለዚህ 8000 ዋት ማለት ሁለት ምጣድ ባንድ ጊዜ መሰካት ማለት ነው። ለ220 ቮልት ሲካፈል ከ36 አምፔር ያልፋል። ያቺ የጫማ ማሰሪያ የምታህል ገመድ ይህን ተሸክማ ብትሆን ኖሮ እኔም ገመዷም ሳጥኑም እስካሁን ከሰል ሆነናል። ለመሆኑ 60 ዋት የጎረሰ ዕቃ 8000 ዋት ከየት አምጥቶ ይተፋል? ከአንድ ጣሳ ወተት መቶ ጣሳ ቅቤ የወጣበት አገር የት ነው?

ነገሩ ‹‹ፒ.ኤም.ፒ.ኦ.›› በምትባል አራት ፊደል ተሸፍኖ ነው የሚመጣው። ዕቃው ለዓይን ጥቅሻ ለማይሞላ ቅጽበት ያወጣዋል ተብሎ የሚገመት ጉልበት ነው ይላሉ። አንድ ወጥ መለኪያ የለውም፤ ፋብሪካው ደስ ያለውን ይጽፋል። እውነተኛው ቁጥር ‹‹አር.ኤም.ኤስ.›› የሚባለው፣ ዕቃው ሳይቆራረጥ፣ ሳይንተፋተፍ የሚሰጠው ነው። አሜሪካኖች ይህን ዓይነት የቁጥር ሌብነት ስለተማረሩበት ፌዴራል የንግድ ኮሚሽናቸው በ1974 እ.ኤ.አ. ለቤት ማጉያዎች ደንብ አውጥቶ፣ አምራቾች ዋት ብለው ካስተዋወቁ ሳይቋረጥ የሚሰጠውን ትክክለኛ ጉልበት እንዲናገሩ አስገድዷል። ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈው! እኛስ? እኛም አዋጅ አላጣንም። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹን በሐሰት መረጃ ማሳሳትን ይከለክላል። አዋጁ አለ፤ ካርቶኑም አለ። ሁለቱ ግን ተገናኝተው አያውቁም። በርበሬ ላይ ሸክላ የደባለቀ ነጋዴ ሲያዝ እልል እንላለን፤ ዋት ላይ ዜሮ የደባለቀውን ግን ‹‹ዕቃው አሪፍ ነው›› ብለን እናመሰግነዋለን።

ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ዋጋው በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ እንደ ኮርማ ፈርጥጧል። ውሸቱ ግን አልቀነሰም። በርካሽ ዘመን በርካሽ ተታለልን፤ በውድ ዘመን በውድ እንታለላለን።

‹‹አንተ ደግሞ ነገር ማካበድ ትወዳለህ። እስከጮኸ ድረስ 60 ይሁን 8000 ምን ቸገረህ?›› የሚሉኝ አሉ። ጠቡ እዚህ ላይ ነው! መጮህማ አህያም ይጮኻል።

የዉፈር ሥራ ምንድን ነው? የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ይሰማል ይባላል። ዉፈር የተፈጠረው ለታችኛዋ ጥግ፣ ከ20 እስከ 120 ኸርዝ ገደማ ላለችው ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሟ ክር 41 ኸርዝ ላይ ናት። ደህና ዉፈር ማለት ቤዝ ጊታሪስቱ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲራመድ እርምጃውን ለይቶ የሚያሰማ ነው። የእኔው ጉድ ግን ዘፈኑ ምንም ይሁን የሚያውቀው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዱም፣ ዱም፣ ዱም! ለሠርግም ዱም፣ ለትዝታም ዱም።

ይህ ደግሞ የሚሆነው ወሎ ውስጥ ነው። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ በዚሁ ምድር ስም የተጠሩ ናቸው። አንድ ማታ ከወሎ ላሊበላ ኪነት የወጣችውን የማሪቱ ለገሰን ድምፅ ልሰማ ከፈትኩ። ጉድጓድ ውስጥ ሆና የምትዘፍን መሰለች። ማሲንቆው የለም! የፈረስ ጭራዋ ክር ከዉፈር ጋር ምንም ዕዳ የላትም፤ ድምፅዋ ከላይ ነው። ያንን ከላይ ያለውን መሸከም የነበረባቸው ሁለቱ ትናንሽ ስፒከሮች ደግሞ አቅም የላቸውም። አቅም ስለሌላቸው ፋብሪካው የእነሱን ሥራ ለሳጥኑ ይጨምርበታል። ሳጥኑም የማያገባው ቦታ ገብቶ የሰውን ድምፅ ያፍነዋል። በገናማ አይነሳ! ዓለሙ አጋ ሲደረድር ያ የሚነዝረው ጣዕም የሚመጣው ከክሩና ከድልድዩ መካከል ከምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ ከእንዚራዋ ነው። የክሩ ድምፅ ወፍራም ነው፤ ንዝረቱ ግን ቀጭኑን ሁሉ ይዞ ነው የሚወጣው። ሁለቱን ባንድነት ያላሰማ ዕቃ በገና አላሰማም። የእኔ ሳጥን እንዚራውን ውጦ ጉርምርምታውን ብቻ ተፋልኝ። መንዙማ ከፍተው የድቤው ምት ግጥሙን ሲውጥባቸው ‹‹ቤዙ ኃይለኛ ነው›› ብለው የሚደሰቱም አይቻለሁ። ግጥሙ የተጻፈው ለማን ኖሯል?

‹‹ለፊልም ግን ያስፈልጋል›› ይባላል። እውነት ነው፣ ያስፈልጋል። በ1974 እ.ኤ.አ. ‹‹ኧርዝኩዌክ›› የተባለው የመሬት መንቀጥቀጥ ፊልም ሲወጣ ሲኒማ ቤቶች ተመልካቹን ወንበሩ ላይ የሚያንቀጠቅጡ ግዙፍ ዉፈሮች ተክለው ነበር። ‹‹5.1›› የሚባለው ውስጥም ያቺ ነጥብ አንዷ ለብቻዋ ለጉርምርምታ የተመደበች መስመር ናት። ነገር ግን እኛ ፍላሽ ላይ አስገልብጠን የምናየው ፊልም ወደ ሁለት መስመር የተጨመቀ ነው፤ ሲጨመቅ ደግሞ ያቺ ነጥብ አንድ አብዛኛውን ጊዜ ተጥላ ነው የምትቀረው። የሌለ ነገር እንዲያሰማ ነው ሳጥኑን የምንገዛው ማለት ነው። ካና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ቤተሰቡ ሁሉ ማታ ማታ የሚያየው በአማርኛ የተተረጎመ ድራማ ሆኗል። የንግግር ጥራት ያለው ከ1000 እስከ 4000 ኸርዝ ድረስ ነው። ዉፈር እዚያ ምን አገባው? ‹‹ምን አለች? ምን አለች?›› እየተባባልን ሳጥኑ ይብለጨለጫል።

አሁን ወደ ሚያሳፍረኝ ልምጣ።

ከግድግዳዬ ማዶ አራስ ነበረች። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። አንድ ጧት የአራሷ እናት መጡ። እኔም ቶሎ ብዬ ‹‹እማማ፣ ዘፈኑ በዛ መሰለኝ፣ እቀንሰዋለሁ›› አልኩ። እሳቸው ግን፣ ‹‹አይ ልጄ፣ ዘፈኑንማ ባገኘነው። ዘፈኑ እኛ ዘንድ አይደርስም። የሚደርሰው ዱብዱቡ ብቻ ነው፤ ሕፃኑም ይባንናል›› አሉኝ። ፊዚክሱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት! ቀጭን ድምፅ ግድግዳ ላይ ይቀራል፤ ወፍራሙ ግን አንዷ ሞገዱ ስምንት፣ አሥር ሜትር ስለምትረዝም የጭቃ ግድግዳን ከቁም ነገር አትቆጥረውም። እኔ ሙዚቃ እሰማለሁ ስል ጎረቤቴ ድብደባ ይሰማ ነበር። ‹‹ቤት ያፈርሳል›› ያለው ሻጭ ለካስ አንዲት እውነት ተናግሯል፤ የማንን ቤት እንደሆነ ነው ያልነገረኝ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው እዚሁ የሚያስተምር አንድ ወዳጄ በዚህ ሰሞን ዕቁቡ ስለደረሰው ነው። ከሁለት ወር ደመወዙ የሚበልጥ ብር ይዞ ‹‹ያንተን ዓይነት ነው የምገዛው፤ እንዲያውም 12 ሺህ ዋት የሚለው አለ አሉ›› አለኝ። ደነገጥኩ። ያሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ሰው ፊት ስኮፈስ አይቶ ነው።

ለእሱ ያልኩትን እዚህ ልድገመው። መጀመሪያ ዉፈሩን እርሳውና ሁለት ደህና ስፒከር ፈልግ፤ ያገለገለም ቢሆን ግድ የለም። የእነሱ ድምፅ ካልጠራ በዉፈር አይታከምም። ከተረፈህ፣ አራት በአራት ለሆነች ክፍል ባለ 8 ወይም ባለ 10 ኢንች፣ እውነተኛ ከ50 እስከ 100 ዋት ያለው ይበቃሃል። ዋቱ እጥፍ ሆነ ማለት ድምፁ እጥፍ ሆነ ማለት አይደለም፤ የምትጨምረው ሦስት ዴሲቤል ነው፣ ጆሮ በጭንቅ የሚለየው። ጆሮህ ‹‹እጥፍ ሆነ›› እንዲል ዋቱ አሥር እጥፍ መሆን አለበት። ሱቅ ስትገባ ፊቱን አትይ፤ ‹‹አዙርልኝ›› በል፤ ጀርባውን አንብብ። አንሳው፣ ክብደቱን እየው። በጣትህ ኳ ኳ አድርገው፤ ላስቲክ ከሆነ ራሱ ከበሮ ሆኖ ይጮህብሃል፤ እንጨት ይሻላል። ቀዳዳ ያለው ሳጥን ብዙ ይጮኻል፤ ድፍኑ ያነሰ ይጮህና ለሙዚቃ ግን ብዙውን ጊዜ የተሰበሰበ ነው። የዉፈሩን መጠን ለብቻ፣ የት ላይ እንደሚያቆም ለብቻ የሚቆጣጠር ማዞሪያ ከሌለው ተወው። በቃልህ የምታውቀውን ዘፈን በፍላሽ ይዘህ ሂድ፤ በእነሱ ዘፈን አትስማ፤ እነሱ የሚያሰሙህ ሳጥኑ የሚያውቃትን ያቺን አንዷን ዱም ነው።

ቤት ስታስገባውም ጥግ ላይ አትወትፈው። ጥግ ጉርምርምታውን ያባዛዋል። ዘዴው፣ ዉፈሩን አንተ የምትቀመጥበት ቦታ አስቀምጠህ፣ ዘፈን ከፍተህ፣ በእንብርክክህ ክፍሉን እየዞርክ ድምፁ የጠራበትን ቦታ መፈለግ ነው፤ እዚያ ታደርገዋለህ። እኔ ይህን ስሞክር እናቴ ድንገት ገብታ በአራት እግሬ ስዳክር ስላየችኝ ጠበል ይዛኝ ልትሄድ ምንም አልቀራትም።

ስታብላይዘርም እንዲገዛ ነግሬዋለሁ። አባይ ከቦረና ቆላ ሥር ያልፋል፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን፣ 5150 ሜጋ ዋት የተባለለትን ግድብ ሊሞላ። እኛ ዘንድ ግን መብራት ሲሄድ ሳይሰናበት፣ ሲመለስ ዕቃ አቃጥሎ ነው። የግድቡን ዋት እንኳ ለማመን አምፖሌን ነው የማየው፤ የካርቶኑንማ!

ወዳጄ እስካሁን አልገዛም። ‹‹ሰው ቤት መጥቶ ሲያይ ትንሽ ነው ቢለኝስ?›› እያለ ያመነታል። የእኔው ሳጥን አልጋ ሥር ገብቷል፤ ሁለቱ ስፒከሮች ዜና ያሰማሉ። ሕፃኑ በሰላም ይተኛል። ‹‹ጋዜጠኛው አጋኗል›› የሚል ነጋዴ ካለ ቤቴ ይምጣና ሳጥኑን አዙሮ ጀርባውን ያንብብልኝ፤ ምጣድ የሰካችውን ጎረቤቴንም እጠራለታለሁ።