«ይንፈሰው» አትበሉ

መንዝ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ቁስል አጥቤያለሁ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ያታገለኝ አንድ ምክር ነው፦ «ቁስሉ ይንፈሰው»።

አንዲት እናት አይረሱኝም። በክረምት እሳት ዳር የበግ ጠጉር ሲፈትሉ ፍም ቅልጥማቸው ላይ ወደቀ። መጀመሪያ የቡና ዱቄት ነሰነሱበት፤ ቀጥለው ቅቤ ቀቡት፤ ኋላም ከሱቅ የተገዛ የቴትራሳይክሊን እንክብል ፈልቅቀው ዱቄቱን አፈሰሱበት። ከዚያ በየቀኑ ገልጠው ለፀሐይና ለነፋስ ሰጡት። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ቁስሉ ሁለት ዓመት ሆኖታል። «ሐኪሙ፣ መርፌ ውጋኝና ልሂድ» አሉኝ።

መርፌ አልወጋኋቸውም። ውሃ አፈላሁ። ደጋችን 3000 ሜትር ግድም ስለሆነ ውሃ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ስለዚህ ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ እተወዋለሁ። በሊትር ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሬ ለብ ሲል አጠብኩላቸው። ቫዝሊን የተቀባ ጎዝ አደረግሁ፤ በላዩ ደረቅ ጎዝ፤ ከዚያም ተቀቅሎ የደረቀ የነጠላ ቁራጭ አሰርሁበት። ሲቀመጡ እግራቸውን ከፍ እንዲያደርጉ ለመንኳቸው። በሦስተኛው ወር ጉድጓዱ ሞልቶ ቆዳው ገጠመ።

አዲስ ቆዳ ከዳር ወደ መሐል ነው የሚሄደው። የቁስሉ ፊት ደርቆ ከጠበቀው በቅርፊቱ ሥር እየቆፈረ ያልፋል። ጆርጅ ዊንተር የተባለ ተመራማሪ በ1962 እ.ኤ.አ. በአሳማ ቆዳ ሞክሮ፣ የተሸፈነ ቁስል ከተናፈሰው በእጥፍ ፍጥነት ቆዳ እንደሚለብስ አሳይቷል። ደረቅ ጎዝም ሲነቀል ትናንት የበቀለውን ሥጋ ይዞ ይመጣል። ቫዝሊን ጀርም አይገድልም፤ ሥራው ይህን መንቀል መከልከል ነው።

እንዲህ ያለ ቀላል እንክብካቤ እንደሚጠቅም በክልላችንም ማስረጃ አለ። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ 696 የዝሆኔ ሕሙማን የተሳተፉበት፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እግርን ማጠብ፣ ቆዳን መንከባከብ፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ አልጋ ላይ የሚጥለውን የእግር መቆጣት እንደሚቀንሱ አረጋግጧል።

ማር፣ በተለይ ጣዝማ፣ ይሻላል የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ማር ጀርምን እንደሚያዳክም እውነት ነው። ነገር ግን ለሕክምና የሚዘጋጀው ማር በጨረር የመከነ ነው፤ ያልመከነውን ጥልቅ ቁስል ላይ አላደርገውም።

እግሩ የማይሰማው የስኳር ወይም የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ ቁስሉን እየረገጠ በቫዝሊን ብቻ አይድንም፤ እረፍትና የሚስማማ ጫማ ያስፈልገዋል። ቁስሉ ከጠቆረ፣ ከሸተተ ወይም ትኩሳት ካመጣ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይሂድ።

በሠራሁበት ጤና ጣቢያ እንክብል ሞልቶ ጎዝ የሚጠፋባቸው ወራት ነበሩ። ቫዝሊኑን ከቅዳሜ ገበያ በኪሴ ገዝቻለሁ። በጀት የምትመድቡ ወገኖቼ፣ በየጤና ኬላው የጎዝ ጥቅልና የቫዝሊን ቆርቆሮ አይጥፋ። ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችንም ቦርሳቸው ውስጥ ይያዙት፤ እሳት ዳር የተቀመጡት እናት ሁለት ዓመት ሳይቆዩ በመጀመሪያው ሳምንት እንዲደርሷቸው።